ያልመለስኩት ቻርጀር

ቻርጀሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ነጭ ነበር፣ አሁን ወደ ቢጫ ሄዷል፣ አንገቱ ጋ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ደሞ ዝም ብላችሁ ብትሰኩት አይሰራም፣ ወደ ግራ አጠፍ አድርጋችሁ ስልኩን ከላይ ካልጫናችሁበት ንክች አያደርግም። የሰጠኝ እሱ ነው። ስልኬ 2 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ስቁነጠነጥ አየኝና ከቦርሳው አወጣው፣ እንዴት እንደሚታጠፍ በጣቱ አሳየኝ፣ "ነገ ትመልሺልኛለሽ" አለኝ። ይሄ የሆነው ከ2 ዓመት ከ8 ወር በፊት ነው። እኔ አልመለስኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

መጀመሪያ ሰሞን እውነት ረስቼው ነው። በኋላ ግን አስታውሼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እየሄድኩ ራሱ መስጠት እምቢ አለኝ። ብመልስለት በቃ ሂሳባችን ተዘጋ ማለት ነዋ። እኔ ጋ እስካለ ድረስ ግን በመሀላችን አንድ ያላለቀ ነገር አለ፣ አንድ ቀን ትዝ ብሎት "አንቺ፣ ያ ቻርጀሬስ?" ብሎ ሊጽፍልኝ ይችላል። ሰው እንዴት በተበላሸ ቻርጀር ተስፋ ያደርጋል? ያደርጋል፣ እኔ አድርጌያለሁ።

ስለ እሱ ክፉ ነገር ልጽፍ የመጣሁ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል። አልዋሸኝም፣ አላታለለኝም፣ ዛሬ ቀርቦ ነገ የሚጠፋ አይነት ጨዋታም አልተጫወተብኝም። ጓደኛዬ ነው በቃ። ሲደውሉለት ያነሳል፣ ሲያማችሁ ይጠይቃል፣ ልደቴን ያስታውሳል (የሁሉንም ሰው ያስታውሳል፣ ችግሩም እሱ ነው)። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር፣ ተናድጄ ተሳድቤ አንድ ሁለት ሳምንት አልቅሼ እገላገለው ነበር። ደግ ሰው ሳይወድሽ ሲቀር ግን የምትናደጂበት ነገር ታጫለሽ፣ ማንን ትከሻለሽ?

እና ሳላስበው ሙሉ ጊዜ ስራዬ ማንበብ ሆነ። መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፣ እሱን ነው የማነበው። "እሺ"ን እና "እሺ በቃ"ን ለይቼ አውቃለሁ። ነጥብ የገባበት እሺ ካለ ስራ በዝቶበታል፣ "እሺሺ" ካለ ጥሩ ቀን ነው። ቴሌግራም ላይ ያቺ "እየጻፈ ነው" የምትለዋ ነገር ስትመጣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ትጠፋለች፣ ደሞ ትመጣለች፣ ደሞ ትጠፋለች፣ እኔ በዛች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጽፎ የሰረዘውን ደብዳቤ ሁሉ ሳላየው አንብቤ ጨርሻለሁ፣ እንዴት ለመናገር እንደፈራ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሁሉንም። ከዛ የሚመጣው ምንድነው? "ሃሃሃ"። በቃ ሃሃሃ።

አንድ የ11 ሰከንድ ቮይስም አለኝ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልንገራችሁ ብል ታፍሩልኛላችሁ። እንዲህ ነው የሚለው፣ "ስሚ፣ የነገው ስብሰባ ወደ 4 ሰዓት ተገፍቷል፣ እንዳትሮጪ፣ ቀስ ብለሽ ነይ።" "ቀስ ብለሽ ነይ" የምትለዋ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ከጀርባው የመኪና ጥሩንባ አለ፣ ከጥሩንባው በኋላ ትንሽ ትተነፍሳለች ቮይሷ፣ ከዛ ያልቃል። ለጓደኛዬ ላክሁላት። "ሰማሽው? እዛ ጋ ድምፁን ሰማሽው?" ስላት ትንሽ ዝም አለችና "አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እኮ የሚያወራው ስለ ስብሰባ ነው" አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ፣ እኔ ላሟን ስም ሁሉ አውጥቼላታለሁ።

ይሄ ነገር የኔ ብቻ እብደት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳነብ ግን ስም እንዳለው አወቅሁ። ዶሮቲ ቴኖቭ የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ብዙ መቶ ሰዎችን ስለ ፍቅር ስትጠይቅ ኖራ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይሄንን ሁኔታ ሊመረንስ ብላ ጠራችው። በጣም የወደድኩት ምኑን መሰላችሁ፣ ቃሉ ምንም ስር የለውም፣ ከላቲንም ከግሪክም አልመጣም፣ ራሷ ናት ከአየር ላይ የፈጠረችው፣ ለነገሩ ቃል አልነበረውማ። እሷ እንደምትለው ይሄ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ይቆያል (እኔ 2 ከ8 ላይ ነኝ፣ ቁጥሩን ሳይ ትንሽ ቀረህ እንደተባለ እስረኛ ነው የቆጠርኩት)። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፣ እሳቱን የሚያነደው መወደድ አይደለም፣ ተስፋና ጥርጣሬ ሲቀላቀሉ ነው። ቁርጥ ያለ አዎ ካገኘ ይረግባል፣ ቁርጥ ያለ አይሆንም ካገኘም ቀስ እያለ ይሞታል፣ መሀል ላይ ሲሆን ነው እንዲህ የሚያንገበግበው።

ስኪነር የሚባል ሌላ ሳይኮሎጂስት ደሞ እርግብ ላይ ያየው ነገር አለ። አንዷን እርግብ አንዲት ቁልፍ በምንቃሯ በመታች ቁጥር እህል ይሰጧታል፣ ሌላዋን ግን አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ። ከዛ እህሉን ለሁለቱም ያቆሙታል። ሁሌ የምታገኘው ቶሎ ገብቷት ትተዋለች። አንዳንዴ የምታገኘው ግን አትተውም፣ ትመታለች፣ ትመታለች፣ ትመታለች። ይሄን ሳነብ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣሪያውን አየሁ። እኔ እኮ ያቺ እርግብ ነኝ። በ3 ሳምንት አንዴ "ጠፋሽ እኮ" ይለኛል፣ እኔ ለ3 ሳምንት እሱን እመነዝራለሁ። እሱ ደሞ እህል እየበተነ መሆኑን አያውቅም፣ ሰላም እያለኝ ነው እንጂ።

ነገርኩት ግን። አዎ ነግሬዋለሁ፣ ብዙ ሰው ዝም ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለዋል። ከ1 ዓመት በፊት ነው፣ አመሻሽ ላይ፣ ሌሎቹ ሄደው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነበር፣ የጫማው ክር ተፈቶ ነበርና እየው እየው ስል ከአፌ አመለጠኝ። በደንብ እንኳ አልተናገርኩትም። "አንተን እኮ እንደ ጓደኛ አይደለም የማይህ" አልኩት፣ ከዛ ዝም። እሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ቀስ ብሎ ነው ያሰረው፣ አንዱን ጨርሶ ያልተፈታውን ሌላኛውን ጫማ ደሞ ፈትቶ እንደገና አሰረው። ያኔ ነው የገባኝ። የሚለው ነገር ያለው ሰው እኮ ያልተፈታ ጫማ አይፈታም።

ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ እውነት፣ እኔ ሳላለቅስ እሱ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። "አንቺን ማጣት አልፈልግም፣ ግን እንደዛ አይደለሁም፣ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። እኔም ሳቅ ብዬ "አይ ችግር የለም፣ ዝም ብዬ ነው" አልኩት፣ እሱኑ አጽናናሁት ማለት ነው፣ ጀርባውን መታ መታ ሁሉ አድርጌዋለሁ። ቤቴ እስክገባ ደህና ነበርኩ። ገብቼ በሩን ዘግቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚህ በላይ ምን ቁርጥ ያለ መልስ አለ? ለጤነኛ ሰው የለም። እኔ ግን ከዛ ሁሉ ውስጥ ያስቀረሁት "አንቺን ማጣት አልፈልግም" እና "ብሆን ደስ ይለኝ ነበር" የሚሉትን ሁለቱን ብቻ ነው። "አይደለሁም" የምትለዋን መሀሏ ላይ ያለችውን ቆርጬ ጣልኳት። ደስ ይለኝ ነበር ካለ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል ማለት አይደል? ለጓደኛዬ እንደዚህ ብዬ ስነግራት በረጅሙ ተነፈሰችና "እሺ" አለችኝ፣ ነጥብ የገባበት እሺ።

አሁን ደሞ ስለ አእምሮ ያነበብኩትን ልንገራችሁና ልለፍ፣ ይሄ ብቻውን ትንሽ ረድቶኛል። ሄለን ፊሸር የምትባል ስለ ፍቅር የምታጠና ተመራማሪና ጓደኞቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው፣ ፍቅረኛቸው ትቷቸው የሄደ ግን ገና ያልወጣላቸው 15 ሰዎች፣ 10 ሴት 5 ወንድ፣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የዛን ሰው ፎቶ አሳዩዋቸው። ፎቶውን ሲያዩ የነቃው የአእምሮ ክፍል ከኮኬይን አምሮት ጋር የሚያያዘው ክፍል ነው። ማለት ሀዘን ብቻ አይደለም፣ ሱስ ነገር ነው። ሳነበው ግማሹ ሰውነቴ እፎይ አለ፣ ግማሹ ተናደደ። እነሱ እንኳ ነበራቸውና አጡ፣ እኔ ካልገባሁበት ቤት ነው የተባረርኩት። ግን አንድ ነገር ወሰድኩ ከነሱ፣ በፎቶና በፎቶ መሀል ሀሳባቸው እንዲመለስ ከሆነ ትልቅ ቁጥር ጀምረው በ7 በ7 እየቀነሱ ወደ ኋላ ያስቆጥሯቸው ነበር። እኔም ሌሊት ሲብስብኝ እሞክረዋለሁ፣ ከ1000 ጀምሬ 993፣ 986፣ 979 እያልኩ። 900 አካባቢ ተሳስቼ ቆሜ ስገኝ እሱን ነው የማስበው። ደሞ ጥናቱ ውስጥ ቀናት በጨመሩ ቁጥር የአንዱ ክፍል ንቃት እየቀነሰ ነው የታየው ይላል። እሺ፣ እንጠብቃለና።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልጻፍ፣ ከጀመርኩ አይቀር።

እኔን የወደደኝ ልጅ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ጥሩ ልጅ ነበር፣ በጣም ጥሩ፣ ሰው ሁሉ "ምን ጎደለው?" የሚለኝ አይነት። ምንም አልጎደለውም። እና ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ፣ ሞከርኩ። እንዲህ የሚወደኝ ከየት ይገኛል፣ ቀስ ብሎ ይመጣል ብዬ ሶስት ሳምንት አብሬው ወጣሁ ገባሁ። እጄን ሲይዘኝ እጄን የያዘኝ እጁ ሳይሆን ሀላፊነት ይመስለኝ ነበር። በልቤ "አሁን ይሰማኝ፣ አሁን ይሰማኝ" እላለሁ፣ ልክ ማስነጠስ መጥቶ እንደሚቀርባችሁ ነገር፣ አይመጣም። ሜሴጁ ሲገባ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጥ ነበር። ያደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ እንደ ብድር እየተደራረበ ሄደ፣ በመጨረሻ እሱን ሳይሆን እዳዬን ነበር የምሸሸው። ስነግረው ምን አልኩት መሰላችሁ? "አንተን ማጣት አልፈልግም።"

አዎ። ቃል በቃል።

ሮይ ባውማይስተር የሚባል ሳይኮሎጂስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ወገን ፍቅር ያሳተመው ጥናት አለ፣ ከወደደውም ከተወደደውም ወገን ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን ታሪክ ሰብስበው አነጻጸሩት። የወደዱት ሰዎች ቢጎዱም መለስ ብለው ሲያስቡት ደስ የሚል ነገርም አለው፣ ናፍቆት ምናምን። የተወደዱት ናቸው በሙሉ ክፉ ትዝታ አድርገው የጻፉት፣ ጥፋተኝነት፣ መጨናነቅ፣ ምን ብዬ ልንገረው የሚል ጭንቀት። ለወደደው ሰው ዘፈኑም ታሪኩም ሞልቷል፣ እምቢ ለሚለው ሰው ግን እንዴት እንደሚባል ያስተማረው የለም። ይሄን ሳነብ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲያስር መጣብኝ። የኔ ስቃይ ብቻ ነበር የሚታየኝ እስከዛን ቀን። ለካ እሱም ሲፈልግ የነበረው እኔ ለዛ ልጅ ፈልጌ ያጣሁትን ቃል ነው።

እና አሁን የሚያጣላኝ ከራሴ ጋር ይሄ ነው። ከእሱ የምፈልገው ነገር እኔ መስጠት ያቃተኝን ነገር ነው። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሞክሬ ያልመጣልኝን። ይሞክር ልበል? ሶስት ሳምንት ሞክሮ ስልኩን ገልብጦ እንዲያስቀምጥብኝ? ቢያዝንልኝና እሺ ቢለኝ በአንድ ቀን ነው የማውቅበት፣ እሺዎቹን እኮ ተምሬያቸዋለሁ። ይሄ ሁሉ ገብቶኛል። ገብቶኝም እፈልጋለሁ። ማወቅና መተው አንድ ቤት የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር፣ አይተዋወቁም።

ስለዚህ ምኞቴን ቁጭ ብዬ አየሁት፣ እስቲ ምን ያህል ዝርዝር አለው ብዬ። በሀሳቤ ሁሌ ይመጣል። በር ያንኳኳል፣ ወይ መንገድ ላይ ይጠራኛል፣ "ተሳስቼ ነበር" ይለኛል። እስከዚህ ድረስ ልብሱ ሳይቀር ይታየኛል (ያቺ አረንጓዴ ሹራብ፣ እጅጌዋ የላላው)። ከዛስ? ከዛ በኋላ ባዶ ነው። በማግስቱ ምን እናወራለን፣ ሲደብረው ምን ይመስላል፣ ስንጣላ ማን ቀድሞ ይናገራል፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለ2 ዓመት ከ8 ወር በር ሲንኳኳ ብቻ ነው ያየሁት። ለዚህች አንዲት ደቂቃ ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሁት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፣ መልሱ ግን ደስ አይልም፣ አዎ፣ ለሷ ነው። መመረጥ ነው የምፈልገው፣ በእሱ። ሌላ ሰው ቢመርጠኝ እንደዛ አይሰማኝም፣ ለምን እሱ እንደሆነ ደሞ እንጃ፣ ይሄን የሚያብራራ ጥናት እስካሁን አላገኘሁም።

"እርሺው" ለምትሉኝ ሰዎች፣ እወዳችኋለሁ ግን ተዉኝ። ዳንኤል ዌግነር የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1987 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወል ምቱ ብሏቸው ነበር። ደወሉ አላረፈም። ይባስ ብሎ በኋላ "አሁን ማሰብ ትችላላችሁ" ሲባሉ መጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት በላይ አሰቡት። እኔ የነጭ ድብ ጥላቻ የለብኝም ግን አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ድብ ነው ያለብኝ። ብሎክ አድርጊውም ብላችሁኛል፣ አንዴ አድርጌው ነበር፣ ለ6 ሰዓት። ምንም ሳያደርገኝ ብሎክ የማደርገው ሰው መሆኑ አሳፍሮኝ ፈታሁት፣ ልብ ማለቱንም እንጃ። አሁን ያደረግኩት ቻቱን አርካይቭ ውስጥ መክተት ነው፣ ስልኬን ስከፍት ከላይ ስሙ እንዳይመጣብኝ። ቮይሷን አላጠፋኋትም። አንድ በአንድ ነው እንጂ ሁሉንም ባንዴ ማን ይችላል።

እና ያለፈው ሳምንት።

ብዙ ሆነን ቁጭ ብለናል፣ እሱ ተቃራኒ ወንበር ላይ ነው፣ ስልኩን እያገላበጠ "ቻርጀር ያለው ሰው?" አለ። ማንም አልያዘም። እኔ ይዣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሁሌም እዛው ነው። ልቤ ጆሮዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፣ አሁን አወጣዋለሁ፣ ያየዋል፣ ፕላስተሩን ያየዋል፣ እስካሁን ይዛው ነበር ይላል፣ ሁሉም ነገር ይገባዋል። አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ ገፋሁለት።

"ኧረ ተባረኪ" አለኝ። አየው። ሰካው። ከዛ ሳያስብ፣ እየሳቀ ጎኑ ካለው ልጅ ጋር እያወራ፣ ጣቱ ራሱ ወደ ግራ አጠፍ አደረገውና ስልኩን ከላይ ጫነበት። በአንድ ጊዜ ሰራለት። እኔ እስከ ዛሬ ሶስት አራት ጊዜ ሳልሞክር ሰርቶልኝ አያውቅም። እጁ አስታውሶታል፣ እሱ አላስታወሰውም።

ስንነሳ ስልኩን ነቀለ፣ ገመዱን በሁለት ጣቱ ላይ ዙሪያውን ጠቀለለው፣ ጫፉን በመሀል አሾለከ፣ ወደኔ ዘረጋው። "ይሄን ነገርማ አዲስ ግዢ፣ ሊቃጠልብሽ ነው" አለኝ።

"እገዛለሁ" አልኩት፣ ተቀበልኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።